ስለ ኪራይ ቤትና ስለ አንድ ጥያቄ

ሰው ከእህልና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ቤት ነው። እህል ያነሰው ሰው ከጎረቤት ይበደራል፤ ልብስ ያለቀበትም ያለችውን ጥፎ ይለብሳል፤ ቤት ያጣ ግን ልጆቹን ይዞ ወዴት ይገባል? በኪራይ ቤት ያደገ ወጣት ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። እኔም ልጅ ሳለሁ የወሩን መጨረሻ የማውቀው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በእናቴ ፊት ነበር። የአከራያችን ሳል ከአጥሩ ውጭ በተሰማ ጊዜ እናቴ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ከመነሣቷ በፊት አንድ ጊዜ ወደ እኛ ወደ ልጆቿ ትመለከት ነበር። ያ አመለካከት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ብዙ ሰው ተከራይ ቤቱን የሚያጣው «ልቀቅ» የሚለው ደብዳቤ በደረሰው ቀን ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ደብዳቤው የመጨረሻው ነው። ከእርሱ በፊት ሥራ ቀዝቅዟል፣ ወይም ልጅ ታሟል፣ ወይም ባል ሞቷል። ውዝፉም በመጀመሪያ ትንሽ ነበረ፤ ሁለት ወር ሲያልፍ ግን አፍረው የሚሸሽጉት ዕዳ ሆነ፤ ሦስተኛው ወር ሲመጣ ሰውዬው አከራዩን ባየ ቍጥር መንገድ መለወጥ ጀመረ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ «ለምን አልከፈልህም?» ብሎ በቍጣ ሳይሆን ምክንያቱን ለማወቅ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ባልወጣ ነበር። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የዚህን አጭር ጥያቄ ታሪክ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ እንዴት እንደ ሄደ ላጫውትህ አስቤአለሁ። የማነሣው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኦክታቪያ ሂል በ1838 ዓ.ም. ዊዝቢች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደች። አባቷ የእህል ነጋዴ ነበረ፤ እርሷ ገና ሕፃን ሳለች በ1840 ዓ.ም. ከሰረ፤ ከዚያም አእምሮው ታወከና ቤተሰቡን ማስተዳደር አልቻለም። እናቷም ልጆቿን ይዛ በአባቷ በኩል ድጋፍ አገኘች። እነሆ ይህች ልጅ ከቤት መነቀል ማለት ምን እንደ ሆነ ስሙን ሳታውቀው ደረሰባት። በ14 ዓመቷ ገደማ አሻንጉሊት እየሠሩ የሚያድሩ የድሀ ልጆችን ሥራ እንድትመራ ተደረገ፤ ልጆቹ የሚኖሩበትን ቤትም አየች። ያየችውን ማየትና ዝም ማለት ግን አልቻለችም።

በዚያን ጊዜ በለንደን ጆን ረስኪን የሚባል ስመ ጥር ጸሐፊ ነበረ። አባቱ በ1864 ዓ.ም. ሲሞት ብዙ ሀብት አወረሰው። ኦክታቪያም ያሰበችውን ነገረችው፤ እርሱም በ1865 ዓ.ም. በሜሪለቦን ሠፈር ሦስት ቤቶችን በ750 ፓውንድ ይዞ አስረከባት። ቦታው «ፓራዳይዝ ፕሌስ» ይባል ነበር፤ የገነት ቦታ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም። ልስኑ ከግድግዳው ይረግፍ ነበር፤ የደረጃው መደገፊያ እንጨት እየተነቀለ ለማገዶ ነዶ ነበር፤ ጣራው ሲያፈስ ውሃውን ለመቀበል በደረጃው ላይ ባልዲ ይቀመጥ ነበር። ረስኪን ግን አንድ ነገር አሳሰባት፤ ይኸውም ገንዘቡ በየዓመቱ ከመቶ አምስት ትርፍ እንዲያመጣ ነው። ምጽዋት ከሆነ በእርሱ ይቀራል፤ ሥራ ከሆነ ግን ሌሎች ባለጠጎችም ይከተሉታል ብሎ ነው።

ኦክታቪያ ያደረገችው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ኪራዩን ለመሰብሰብ ጉልበተኛ ሰው አልላከችም፤ በየሳምንቱ ራሷ ትሄድ ነበር። በየሳምንቱ በር ስታንኳኳ ጣራው ማፍሰሱን ታያለች፤ የታመመውን ልጅ ታያለች፤ ባልየው በሥራ ሰዓት ከቤት ተቀምጦ ስታገኘው ሥራ ማጣቱን ሳይነግራት ታውቃለች። ዕዳው የአንድ ሳምንት ሳለ ነገሩ ይነጋገሩበታል። ለእድሳት በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ትመድባለች፤ ከዚያ የተረፈው ተከራዮቹ ራሳቸው በመረጡት ነገር ላይ ይውላል። ስለዚህ መስኮት የሰበረ ሰው የራሱን መደርደሪያ እንደ ሰበረ ተቈጠረ፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን መጠበቅ ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ግን ይህ ነው፤ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት ለተከራዮቿ የምትሰጠውን የእድሳትና የቀለም ሥራ አስቀድማ ታቆይላቸው ነበር። በዚያም ሥራ የሚያገኙት ደመወዝ ኪራያቸውን ይከፍልላቸዋል። ከፍ ከፍ ያሉት ልጃገረዶችም መተላለፊያውን እያጠቡ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ትንሽ ትንሹን ለሚቈጥቡትም ቍጠባቸውን ትይዝላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ግን ቅድስት አድርጌ ላቀርብልህ አይደለም። ኦክታቪያ ጥብቅ ሴት ነበረች። ተመክሮ የማይከፍለውን ታስወጣዋለች፤ የድሀውን ጠባይና የማጀቱን ንጽሕና እንደ አለቃ ትመረምራለች፤ የሚመረመረው ሰው ምን እንደሚሰማው ብዙ የተጨነቀችበት አይመስልም። ደግሞ የከተማ አስተዳደር ቤት ሠርቶ በርካሽ ያከራይ የሚለውን አሳብ አጥብቃ ትቃወም ነበር፤ ሰውን ጥገኛ ያደርገዋል ብላ ታምናለችና። በእኔ አስተያየት በዚህ ተሳስታለች። ሥራ የሚያገኝ ሰው በምክርና በጉብኝት ሊድን ይችላል፤ ሙሉ ቀን ሠርቶ ያገኘው ደመወዝ ለኪራዩ የማይበቃው ሰው ግን በየቀኑ ቢጐበኝም ጉብኝቱ ብር አይሆንለትም። ያም ሆነ ይህ፤ በ1884 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን ርስት የሚያስተዳድሩት ሹማምንት በደቡብ ለንደን ያሉትን ቤቶቻቸውን እንድትመራላቸው ለመኗት። በ1912 ዓ.ም. ስትሞት የቤት አስተዳደርን እንደ አንድ ሙያ የተማሩ ብዙ ሴቶችን ትታ ሄደች፤ ከደቀ መዛሙርቷም ጥቂቶቹ ከጊዜ በኋላ እርሷ ስትቃወማቸው በነበሩት የመንግሥት ቤቶች ውስጥ ተቀጠሩ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይሥቃል።

መንግሥት አከራይ የሆነው እንዴት ነው? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በግላስጎ ከተማ አከራዮች ኪራይ ጨመሩ፤ ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ በሄዱበት ወራት ሜሪ ባርበርን የመሰሉ ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው የተጨመረውን አንከፍልም አሉ። የማስወጫ ትእዛዝ ይዞ የሚመጣውን የፍርድ ቤት መልእክተኛም በሩ ላይ ተሰብስበው ይመልሱት ነበር። በ1915 ዓ.ም. መጨረሻ ፓርላማው ኪራይ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው እንዳያልፍ ሕግ አወጣ። በ1919 ዓ.ም. ደግሞ ከተሞች በመንግሥት ገንዘብ ብዙ ቤት እንዲሠሩ ተፈቀደ። አሜሪካም በ1937 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሕግ አወጣች። አዲሱ አከራይ ግን እንደ ድሮው አከራይ ሳል የለውም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አይጠራም። ጽሕፈት ቤትና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

በአሜሪካ ሚዙሪ ክፍለ ሀገር በሴንት ሉዊስ ከተማ የሆነውን ላንሣ። በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በዚያች ከተማ ፕሩት አይጎ የሚባል ሠፈር ተሠራ፤ 33 ሕንጻዎች፣ እያንዳንዳቸው ባለ 11 ፎቅ፣ በውስጣቸውም 2,870 መኖሪያዎች ነበሩ። መሐንዲሱ ሚኖሩ ያማሳኪ ሲሆን፤ እርሱ ነው በኋላ በኒውዮርክ ሁለቱን መንታ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች የነደፈው። ለብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች የውሃ ቧንቧና የራስ መኝታ ክፍል ያገኙበት የመጀመሪያ ቤት ነበረና ሲገቡ ደስታቸው ብዙ ነበር።

ነገር ግን የሂሳቡ አሠራር ከመሠረቱ ጉድለት ነበረበት። የፌዴራሉ መንግሥት የሚከፍለው የመሥሪያውን ገንዘብ ነው፤ ማሞቂያውን፣ ጽዳቱን፣ የተሰበረውን መስኮትና የተበላሸውን አሳንሰር የከተማው የቤቶች ድርጅት ከተከራዮች ኪራይ ይሸፍን ነበር። ከተማዋ እየሳሳች ስትሄድ ደህና ደመወዝ ያላቸው ወደ ዳር ዳሩ ወጡ፤ የቀሩት ከሁሉ የደኸዩት ሆኑ። ቤት ባዶ ሲሆን ኪራይ ያንሳል፤ ኪራይ ሲያንስ ጥገና ይቀራል፤ ጥገና ሲቀር ደግሞ ሌላው ተከራይ ይሄዳል። ድርጅቱም ጉድለቱን ለመሙላት በቀሩት ላይ ኪራይ ጨመረ፤ ላሚቱ ስትደርቅ አጥብቆ እንደ ማለብ ያለ ነገር ነው። ከገቢያቸው ከእኩሌታ የሚበልጠውን ለኪራይ የሚከፍሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ቤተሰብን እንረዳለን የሚለው የዚያ ዘመን የድሆች ርዳታ ደንብ ሥራ የሚችል ወንድ በቤቱ ካለ ርዳታውን ይከለክል ስለ ነበረ፤ ልጆቹ እንዳይራቡ ሲል አባት ከቤቱ የወጣበት ቤተሰብም አለ። እስኪ አስበው፤ ቤቱን ለማቆየት ሲባል ቤተሰቡ ይፈርሳል!

በየካቲት 1969 ዓ.ም. የሴንት ሉዊስ የመንግሥት ቤት ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው አደሙ። ከመሪዎቻቸው አንዷ ጂን ኪንግ የምትባል ሴት ነበረች። የጠየቁት ነጻ ቤት አልነበረም፤ ኪራያችን እንደ ገቢያችን ይሁን፤ ቤታችን ይጠገን፤ በአስተዳደሩም ድምፅ ይኑረን ነው ያሉት። አድማው ዘጠኝ ወር ያህል ቆየ። በጥቅምት ወር ድርጅቱ ተስማማ፤ ኪራዩ ከገቢ ጋር እንዲመዛዘን፣ ተከራዮችም በአስተዳደሩ እንዲሰሙ ተደረገ።

በዚያው ዓመት በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የማሳቹሴትስ ተወካይ የነበረው ኤድዋርድ ብሩክ አንድ የሕግ ማሻሻያ አቀረበ። ብሩክ በ1966 ዓ.ም. በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ ለዚያ ምክር ቤት የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. የጸናው ማሻሻያ በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው ኪራይ ከገቢው ከመቶ 25 እንዳያልፍ ወሰነ። የድርጅቶቹ ገቢ ስለሚቀንስ ልዩነቱን መንግሥት እንዲሞላ ግድ ሆነ፤ አሞላሉ ግን ሁልጊዜ የተሟላና በወቅቱ የደረሰ አልነበረም። ሌላም ተንኰል ተገኘ፤ አንዳንድ የርዳታ መሥሪያ ቤቶች የተከራዩ ኪራይ የቀነሰውን ያህል ከርዳታው ላይ ቀነሱበት፤ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ማለት ነው። ይህንንም ለማገድ ሕጉ እንደገና መታረም ነበረበት። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ 25 የነበረው ወደ 30 ከፍ አለ። ለፕሩት አይጎ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ሕንጻዎቹ በፈንጂ መፍረስ ጀመሩ፤ በ1976 ዓ.ም. ከ33ቱ አንድም አልቀረም።

አሁን ደግሞ ጥያቄው ከተከራዩ ወደ አከራዩ የዞረበትን አንድ ነገር ልንገርህ። በኖርዝ ካሮላይና በደርሃም ከተማ ማክዱጋልድ ቴራስ በሚባል የመንግሥት ቤት ጆይስ ቶርፕ የምትባል እናት ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ውሏ በየወሩ የሚታደስ ነበረና ድርጅቱ የ15 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ሊያቆመው ይችል ነበር። በነሐሴ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. ተከራዮቹ የማኅበራቸው ሊቀ መንበር አድርገው መረጧት። በማግሥቱ «ቤቱን ልቀቂ» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ምክንያት አልተጻፈበትም። ጠየቀች፤ አልነገሯትም። ጠበቃዎቿም ጠየቁ፤ ውሉ ምክንያት እንድንናገር አያስገድደንም የሚል መልስ ተሰጠ። የክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤቶችም ለድርጅቱ ፈረዱ።

ጆይስ ቶርፕ ግን ቤቱን አልለቀቀችም። ክርክሩ እየተጓተተ ሳለ በየካቲት 7 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዋሽንግተን የቤቶች ሚኒስቴር አንድ የሰርኩላር ደብዳቤ ወጣ፤ ማንኛውም የመንግሥት ቤት ድርጅት ተከራዩን ከማስወጣቱ በፊት ምክንያቱን እንዲነግረውና መልሱን እንዲሰማ የሚያዝ ነው። ድርጅቱ ይህ ደንብ የወጣው ከእርሷ ጉዳይ በኋላ ነው ብሎ ተከራከረ። በጥር 13 ቀን 1969 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሰጠ፤ ደንቡ ውሳኔው በተሰጠበት ቀን በመንግሥት ቤት ውስጥ ገና የሚኖረውን ተከራይ ሁሉ ይመለከታል አለ። ይህን ልብ በል፤ ይህች ሴት በ1965 ዓ.ም. ደብዳቤውን ፈርታ ዕቃዋን ጭና ሄዳ ቢሆን ኖሮ ደንቡ አያገኛትም ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል በር ዘግታ በመቀመጧ ሕጉ ከቤቷ መጥቶ ደረሰላት። የሴንት ሉዊስ አድማ የተጀመረው ከዚህ ፍርድ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው።

ስለዚህ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ የመንግሥት ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ሁለት ነገር ቆሞለታል፤ ኪራዩ በኪሱ ልክ ይሆናል፤ የሚያስወጣውም ሰው ምክንያቱን ይነግረዋል። ይህም ሆኖ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አልጠፋም። ለምን ቢሉ፤ መብት በወረቀት ላይ ተጽፎ ሳለ ሰው በእፍረቱ፣ በድካሙ ወይም ቋንቋውን ባለማወቁ ሳይጠይቀው ይቀራል። የኦክታቪያ ሂል በር ማንኳኳት እንደገና ያስፈለገው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በብዙ ከተሞች የቤቶች ድርጅቶች ውዝፍ ሲጀምር ተከራዩን ፈልጎ የሚያነጋግር፣ ዕዳውን በየወሩ እያካፈለ እንዲከፍል የሚያዋውል፣ ሥራ ወይም ሐኪም ወደሚገኝበት የሚመራ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ብልህ ዘዴ በሕግ ወጣ። ኪራይ እንደ ገቢ የሚሄድ ከሆነ ደመወዙ ሲጨምር ኪራዩም ስለሚጨምር ሰው ለመሥራት ይሰንፋል የሚል ወቀሳ ነበር። በዚህ ዘዴ ግን የተዋዋለው ተከራይ ደመወዙ አድጎ ኪራዩ ሲጨምር የጭማሪው ገንዘብ በስሙ በቍጠባ ይቀመጥለታል፤ ብዙውን ጊዜ በአምስት ዓመት ውስጥ የተስማማበትን ሲፈጽም ገንዘቡን ይረከባል።

በሲያትል ከተማ የመንግሥት ቤቶች ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። አንዲት እናት በዚያ ትኑር እንበል። በሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ በክረምት እንግዳ ሲቀንስ የሥራ ሰዓቷ እኩሌታ ሆነ። ኪራይዋ ግን ገና በድሮው ደመወዝ የተሰላ ነው፤ የገቢዋን መቀነስ ለጽሕፈት ቤቱ ካላሳወቀች የሚቀንስላት የለም። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ወይም በማይገባት ቋንቋ ነግረዋታል። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ። ደብዳቤ መጣ፤ ምን እንደሚል ስለምትገምት ሳትከፍተው ቴሌቪዥኑ ላይ አኖረችው። ሌላም መጣ፤ እርሱንም በላዩ ደረበችው።

አንድ ቀን ማታ በሩ ተንኳኳ። የመጣው ከድርጅቱ የተላከ ሰው ነው፤ አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚም አብሮት አለ። ሰውዬው ከመቀመጡ በፊት «እትዬ፤ ባለፉት ሁለት ወራት ምን ሆነው ነው?» ብሎ አስጠየቃት። ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ወደ ልጆቿም አየች። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሆቴሉ የነገረችው። ነገ ጧት የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ አብረው ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዲሄዱ፣ የሚመጣው ወር ኪራይ በአዲሱ ገቢ እንዲሰላ፣ ውዝፉንም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንድትከፍል ተነጋገሩ። እርሷም ተነሥታ ጀበናውን ጣደች፤ ሁለቱን ደብዳቤዎች ከቴሌቪዥኑ ላይ አንሥታ እንደ ታሸጉ ሰጠችው።